አምስት ከአምስት

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለልብስ ሰፊው፣

ሰላምታዬ ከነመኪናህ፣ ከነመቀስህ፣ ደጃፍህ ላይ ቆመው “ነገ አላልከኝም ነበር ወይ?” ከሚሉህ ደንበኞችህ ጋር ይድረስህ። አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ብርዱ ሳይገባ እጄ መሰንጠቅ ጀምሯል እንጂ ሌላው ሙሉ ነው።

ከሁሉ በፊት የእቴቴን ዓይን ንገረኝ። ሞራው ተነሣላት? አንዱ ዓይኗ ከልጅነቷ ጀምሮ የጠፋ ስለሆነ የቀረው ሲደበዝዝባት ስንት ጊዜ እንደተጨነቅሁ ታውቃለህ። እናቴ ሞታ በር ላይ የቀረሁትን ልጅ ካንተ ጋር ደርባ ያሳደገች ሴት፣ እርጅናዋን በጨለማ እንድታሳልፈው አልፈልግም። “ከቀዶ ጥገናው ስነሣ መጀመሪያ የማነበው ያንቺን ወረቀት ነው” ብላኝ ነበር። እንግዲህ ይኸው ወረቀቱ።

ስለ ትምህርቴ በጠየቅኸኝ ቁጥር “ሰው እንዴት ይስተናገዳል የሚል ነገር ነው” ስልህ “ለዚህም ዶክተር ያስፈልገዋል?” እያልክ ትስቅብኛለህ። ዛሬ በደንብ ላስረዳህ። አንድ ድርጅት ደንበኛውን ይበድላል። ባንክ ሊሆን ይችላል፣ ሆቴል ሊሆን ይችላል፣ እኔ የማጠናው ሆስፒታልን ነው። ከበደለው በኋላ እንዴት አድርጎ ይቅርታ ቢጠይቀው ሰውየው ቅሬታውን ትቶ ተመልሶ ይመጣል? ጥናቴ ይኸው ነው። ለሠራተኞች መመሪያ አዘጋጅቻለሁ፤ የት እንደሚቀመጡ፣ ምን እንደሚሉ፣ መቼ ዝም እንደሚሉ። ደስ የሚለው፣ የከተማችን ሆስፒታል የአገልግሎት ኃላፊ አብራኝ የተማረች ናትና ከክረምቱ ጀምራ ሠራተኞቿን በእኔ መመሪያ አሠልጥናለች። ለአገሬ ልጆች አንድ ነገር አበረከትኩ ብዬ ኮርቻለሁ።

አሁን የምለምንህ፣ በዚህ መንገድ ይቅርታ የተጠየቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ቤታቸው ሄደህ አነጋግርልኝ። ኃላፊዋ ታገናኝሃለች። አንተ ከሰው ጋር ጨዋታ ታውቃለህ፤ ሱሪ እያሳጠርክ የሰው ታሪክ ስታወጣ እያየሁ አድጌአለሁ።

እቴቴን ጉልበቷን ሳምልኝ።

አንተው ባወጣህልኝ ስም፣
ቀለሜዋ


ኅዳር 28 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለቀለሜዋ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰው አገር ያለሽን ልጅ የሚጠብቅ አምላክ አይለይሽ። እኛ ለክፉ አልሰጠንም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። የዘገየሁት በሥራ ነው። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች የደንብ ልብስ ሰጥቶኝ፣ ጨርቁ መጣ ሲሉኝ ክሩ ጠፋ፣ ክሩ ሲገኝ መኪናዬ እምቢ አለ። ልክ የወሰድኩላቸው ልጆች ልብሱ ሳያልቅ አድገው ይጠብቁኛል።

እቴቴ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣኛለች። ዓይኗን ሐኪሞቹ ሠርተውታል።

ሰው አነጋግርልኝ ያልሽውን አልቻልኩም። እኔ ሰው የምለካው በሜትር ነው፤ እንዲህ ያለውን አላውቅበትም። ሌላ ሰው ፈልጊ።

ከተቻለሽ ለእቴቴ ጥቁር መነጽር ላኪላት። ሰፋ ያለ ይሁን፣ ጎን ጎኑን የሚሸፍን። ፀሐይ ያስቸግራታል።

ወንድምሽ


ጥር 3 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። መነጽሩን ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ። የሸጠችኝ ልጅ “ለማን ነው?” ብትለኝ “ለእናቴ፣ አዲስ ዓይን ላገኘችው” አልኳት።

ደብዳቤህ አጭር ነበር። አልተቀየምኩም፣ ሥራ እንደሚበዛብህ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እቴቴ ሁልጊዜ ከደብዳቤህ ግርጌ በራሷ እጅ አንድ መስመር ትጨምርልኝ ነበር። ሲጨንቀኝም ሲከፋኝም የማነበው ያንን ነው፤ “ልብስ ደርቢ” ብቻ ቢሆን እንኳ። አሁን ዓይኗ ከዳነ ለምን አልጻፈችልኝም? ተቀይማኝ ነው?

ደስ የሚል ወሬ ልንገርህ። ከሆስፒታላችን የመጀመሪያው ውጤት መጣልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። በተለይ አንዲት በዕድሜ የገፉ ታካሚ አሉ። ስማቸው አይነገረኝም፣ ሕመማቸውም አልተጻፈልኝም፤ የጥናቱ ደንብ ነው። የደረሰባቸው ጉዳት የማይመለስ እንደሆነ ብቻ ተጽፏል። እኚህ እናት ይቅርታ ከተጠየቁ በኋላ ለሁሉም ጥያቄ ሙሉ ሰጥተዋል። አምስት ከአምስት። አስተናጋጇን መርቀው ነው የወጡት ይላል። ባለፈው ሳምንት ከየአገሩ የመጡ አጥኚዎች ባሉበት ስብሰባ የእሳቸውን ነገር ተናግሬ ተጨበጨበልኝ። መምህሬም “የጥናትሽ ልብ ይህች ሴት ናት” አለኝ።

ስለዚህ እባክህ ወንድሜ፣ እንዳትጨክንብኝ። ሌላው ቢቀር እሳቸውን ብቻ ፈልገህ አነጋግርልኝ። ከወራት በኋላም እንደዚያው ይሰማቸው እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ምዕራፌ የሚቆመው በዚያ ላይ ነው።

እቴቴን መነጽሩን አድርጋ ፎቶ አንሣልኝ።

ቀለሜዋ


የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምታችን ይድረስሽ። መነጽሩ ደርሶናል፣ ልኳ ነው። እጅሽ ይባረክ ብላለች።

አልተቀየመችሽም። እጇ ስለሚዝል ነው ያልጻፈችው። ቤት ውስጥ መቀመጥ አብዝታለች። እንዳይደብራት ቁልፍ እሰጣታለሁ፣ በጣቷ እየዳሰሰች ትለይልኛለች፤ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ለብቻ፣ ባለ አራቱን ለብቻ።

ሴትዮዋን አላገኘኋቸውም። አልፈልግምም። ሁለተኛ አትጠይቂኝ።

ትንሽ ሬዲዮ ካገኘሽ ላኪላት፤ ቁልፎቹ ጎላ ጎላ ያሉ ይሁኑ። ፎቶው ይቆይ።

ወንድምሽ


መጋቢት 9 ቀን

ወንድሜ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፣ አትዘንብኝ።

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ መውረጃዬን አለፍኩት። ዓይኑ የዳነ ሰው ቁልፍ በጣቱ አይለይም። መጀመሪያ ጥቁር መነጽር፣ ቀጥሎ ሬዲዮ። ቀጥሎ የምትጠይቀኝ ምርኩዝ ነው?

እቴቴ ታያለች ወይስ አታይም? በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ አትደብቀኝ። እኔ ልጅ አይደለሁም። አብረን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ያደግን ሰዎች ነን።

ቀለሜዋ


ሚያዝያ 2 ቀን

ይድረስ ለቀለሜዋ፣

እንደምን አለሽ? በአባቴ አጥንት ስለያዝሽኝ እነግርሻለሁ። እንዳልነግርሽ ደግሞ እናቴ “የጠባኸው ጡት ይፋረድህ” ብላ አስጠንቅቃኛለች። ሙት አባት በሕያው እናት ላይ ፈረደ በያት።

አታይም። ምንም አታይም።

ቀዶ ጥገናው መስከረም ላይ ተሠራላት። በማግሥቱ ፋሻውን ሲፈቱላት ነርሷን አየቻትና “ቢጫ ሹራብ ለብሰሻል፣ ቁልፉን ግን አዛንፈሽ ነው የቆለፍሽው” አለቻት። የልብስ ሰፊ እናት አይደለች፤ ሁላችንም ሳቅን። እስከ ቤት ድረስ የሱቅ ስም በሙሉ እያነበበች ሄደች። አንዱን ሱቅ “ይሄኮ ተዘግቶ ነበር” ብላ ቆማ አየችው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዓይኗ ይወጋት ጀመር። ጠዋት ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ካርዷን ገልጦ “ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው” አለኝ።

“አሟታል እኮ” አልኩት።

“ሁሉም አሞት ነው የሚመጣው አባቴ። ሐሙስ ይምጡ፤ የሚቀጥለው።”

ድምፄን ከፍ ላደርግ ስል እቴቴ ክንዴን ያዘችኝ። “ተወው፣ ልጁን አታስጨንቀው። ሐሙስ ምን ሩቅ ነው?” አለችኝ። መለስኳት። እኔ ነኝ የመለስኳት። ሐሙስ ሐኪሙ ዓይኗን ከፍቶ አየና “እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?” አለኝ። መግል ይዞ ነበር። ምን ልበለው? በር ላይ ነበርን አልኩት።

ትንሽ ሰንብቶ፣ የጥቅምቱ ደብዳቤሽ በደረሰን ሰሞን፣ ሆስፒታሉ ለውይይት ጠራን። ከዚያ በፊት ጠበቃ አነጋግሬ ነበር፤ “ምንም ነገር እንዳትፈርሙ” ብሎኛል። ያስገቡን ክፍል ሌላው ክፍል አይመስልም። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃ አለ፣ ሶፍት አለ። አንዲት ወጣት ሴት ወንበሯን ከጠረጴዛው ኋላ አውጥታ እቴቴ አጠገብ አስጠጋችና እንዲህ አለቻት፦ “እናቴ፣ ይህ በእርስዎ ላይ መድረስ አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ የእርስዎ አይደለም። የሚሰማዎትን እስኪበቃዎ ይንገሩኝ።” ከዚያ ዝም አለች።

እቴቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ “እንዲህ መናገር ማን አስተማረሽ ልጄ?” አለቻት።

ልጅቷ ደስ አላት መሰለኝ። “ሥልጠና ወስደን ነው እናቴ። ያዘጋጀችው የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ ውጭ አገር ዶክትሬቷን ልትይዝ ነው። የእርስዎ መልስም ለእሷ ጥናት ይሄዳል።”

እቴቴ እጇን በጠረጴዛው ሥር ሰድዳ ጉልበቴን ፈለገችና ጨበጠችው። ከዚያ “የት ላይ ነው የምፈርመው?” አለች።

“እቴቴ ተይ፣ ጠበቃው ምን እንዳለ...” ስላት “ዝም በል” አለችኝ። ሰው ፊት እንዲያ ብላኝ አታውቅም።

ልጅቷ አውራ ጣቷን ይዛ ‘ክስ አላቀርብም’ የሚለው ወረቀት ላይ አሳረፈችላት። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች፤ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጣሉ እያለች። ስለ አቀባበሉ፣ አምስት። በአክብሮት ስለመደመጥዎ፣ አምስት። ይቅርታው ላይ ሲደርሱ “ከአምስት በላይ የለም ወይ?” ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ሳቀች። እቴቴም መረቀቻት።

ደጅ ስንወጣ “አበድሽ ወይ?” አልኳት። እናቴን እንዲህ አልኳት። እሷ ግን ደረጃውን በእግሯ እየፈለገች “ልጅቷ ሰው አገር ብቻዋን ስትለፋ፣ እኔ ልሁን ፈተናዋን የምጥልባት?” አለችኝ።

ተጨበጨበልኝ ያልሽውን ደብዳቤሽን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። “አየህ?” አለችኝ። ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

እንግዲህ ያችን ሴትዮ ፈልገህ አነጋግርልኝ ያልሽኝን ይኸው አነጋገርኩልሽ። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ


ሰኔ 17 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለእቴቴም፣

በሰላም አላችሁ ወይ ብዬ ለመጠየቅ አፌ አይደፍርም። አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን።

ይህን ያህል የዘገየሁት ስጽፍ ስቀድድ ነው። ይቅርታ የምትለውን ቃል አልጽፋትም። እኔ ስጽፋት ምን እንደምትመስል አይታችኋታል። ከዚህ ይልቅ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ መምህሬ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው ከልቡ አዘነ። ከዚያ “የእሷን መልስ አውጪውና በቀረው ቀጥዪ” አለኝ።

“የቀሩትስ?” አልኩት።

“የቀሩት ምን ሆኑ?”

“እነሱም በፈረሙበት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የተጠየቁት። የምትጠይቃቸውም ያችው ይቅርታ የጠየቀቻቸው ሠራተኛ ናት። ፊቷ ላይ አንድ የሚላት ማን ነው?”

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። “ይህን ከጻፍሽ ከሆስፒታሉ ያመጣሽው ሁሉ ይወድቃል። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ትመለሻለሽ፣ ድጎማሽም አይጠብቅሽም” አለኝ። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ እውነቱን ነው። ጻፍኩት። የሆነውም እንዳለው ነው። ድጎማው ሊያልቅ ነው፣ አይታደስም። አሁን አንድ ትልቅ መደብር ውስጥ የዕቃ መመለሻ መስኮት ላይ እሠራለሁ። ሰዎች የተበላሸ ነገር ይዘው ይመጣሉ፣ እቀበላለሁ። ጥናቱን በቀረኝ ሰዓት እጀምረዋለሁ፤ እጨርሰው እንደሆን አላውቅም።

ለሆስፒታሉም ጽፌአለሁ። መመሪያዬን መጠቀም ተዉ፣ የእቴቴንም ጉዳይ እንደገና እዩት አልኳቸው። ቶሎ መለሱልኝ። ወዳጄ የነበረችው ኃላፊ ናት የፈረመችው። የሚሰማኝን እንደሚረዱ፣ ስለጻፍኩላቸውም እንደሚያመሰግኑኝ ይላል፤ አረፍተ ነገሮቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ስለ ጉዳዩ ግን አንድም ቃል የለበትም። ቅሬታ አቅራቢው ስለቀነሰላቸው መመሪያውንም አይተዉም።

ጠበቃው አሁንም ካለ ንገረው፦ ሲያስፈርሟት ስለ እኔ እንደነገሯት፣ ያም እንዳሳታት ቀርቤ እመሰክራለሁ። የሚመጣውን እችለዋለሁ።

እቴቴ፣ ይህን ላንቺ ነው የምለው። ያን ጥያቄ እንደገና ጠይቄሻለሁ። አሁን የሚወድቅም የሚያልፍም ሰው የለም። ስንት ትሰጫቸዋለሽ?

ቀለሜዋ


ነሐሴ 5 ቀን

ይድረስ ለቀለሜዋ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ጤናሽን አምላክ ይስጥሽ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩላት በኋላ እቴቴ ለብዙ ቀን አላናገረችኝም። ያኮረፈችው አንቺን አይደለም፣ እኔን ነው፤ ስለነገርኩሽ። “ያን ሁሉ የሆንኩት ለምን መሰለህ?” ትላለች። አሁን ድጎማሽ እንደቀረ ስትሰማ ደግሞ ዓይኔም ሄደ፣ ልፋቴም ሄደ ብላ ተቀመጠች። ይህን የምጽፍልሽ ልጎዳሽ አይደለም። የሆነው ስለሆነ ነው።

ጠበቃው ዘንድ ይዣት ሄድኩ። አንቺ ያልሽውን ነገርኩት። “ይሞከራል፤ ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ልጅቷም ከሩቅ መምጣት አለባት” አለ።

እቴቴ “ቢፈረድልኝ ዓይኔ ይመለሳል ወይ?” ብላ ጠየቀችው።

“ይሄማ አይሆንም እናቴ።”

“እንግዲያው ያን ሁሉ ደረጃ ለምን ልውጣ?” አለችና ብድግ አለች። እኔ ክስ እንዲመሠረት ፈልጌ ነበር። ጉዳዩ የእሷ ነውና ተከትያት ወጣሁ።

የጠየቅሻትን ያነሣሁላት ቤት ደርሰን ጫማዋን ሳወልቅላት ነው። “መልስ ትጠብቃለች፣ ምን ልበላት?” አልኳት።

“ለእነሱ ምንም” አለች። “አንድም አልሰጣቸውም። ያ መስኮት ላይ ያለ ልጅ በኋላ በሄድን ቁጥር ድምፁን እሰማዋለሁ፤ ሐሙስ ይምጡ፣ ማክሰኞ ይምጡ ይላል። ልጅቷ ጥፋቱ የእኛ ነው አለችኝ። እሱ ግን ሥልጠና አልወሰደም መሰለኝ፣ አሁንም ሰው ይመልሳል። ይህን ጻፍላት። አሳምረህ ጻፈው።”

ይኸው እንዳለችው ጻፍኩት። ለትምህርትሽ የሚሆን ከሆነ ተጠቀሚበት፤ ስሜን ጻፊው ብላለች፣ ያን ደንባችሁን ተዉት።

ከዚያ “ለእሷስ?” አልኳት።

“ለማን?”

“ለቀለሜዋ።”

ሁለተኛውን ጫማ አወለቅሁላት፣ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። “ውጭ ደመና ነው ወይ?” አለችኝ። ደመና ነው አልኳት።

እኔን ከጠየቅሽኝ ገና ነው። ያደረግሽው ቀላል እንዳልሆነ ገብቶኛል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ዶክተር ይባል ነበር። ያን ልጅ መስኮቱ ላይ ያስቀመጥሽውም አንቺ አይደለሽም። ሐሙስ ድረስ የመለስኳትም እኔ ነኝ፣ ይህን አልረሳሁም። ግን መንገድ ላይ እጇን ይዤ “ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ” ስላት ትዝ ትይኛለሽ፤ በደግ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ምናልባት አንድ ቀን ያልፍልኝ ይሆናል። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ እንዳታስቸኩይኝ።

ደብዳቤ መጻፍሽን ግን አታቋርጪ። ፖስታ መጣ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። ድምፅ አውጥቼ የማነብላት እኔ ነኝና፣ ስትጽፊ እኔም እንዳለሁበት አስቢ።

ወንድምሽ